ቁራው ይዞት የቀረው ስም

ባለፈው ጥር አንድ ቀን ንፋስ መውጫ ከአንድ ምሳ ቤት ገብቼ ሽሮ አዝዤ ተቀምጬ ነበር። በጥር የከተማችን ንፋስ ስሟን ያወጣላትን ሥራ ይሠራል፤ በሩን ድንጋይ ካላስደገፉት ራሱ ከፍቶ ራሱ ይዘጋዋል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን አንድ ግራጫ መርከብ ቀይ ባሕርን እየሰነጠቀ ይሄዳል። ጀርባው የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ሰፊ ነው። ከሜዳው ጫፍ አንድ የጦር አውሮፕላን ተስፈንጥሮ ተነሣ፤ ሌላው ከኋላ መጥቶ አረፈ። በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ከወጡ አንሥቶ ያያል።

ክርክሩ ወዲያው ተጀመረ። እኛ ጋይንቶች ባሕር ባይኖረንም የባሕር ክርክር አይቸግረንም። ጡረታ የወጣው የታሪክ አስተማሪ፣ «ባሕር ኃይል የሌለው አገር ውሻ የሌለው ግቢ ነው» አለ። ባጃጅ የሚነዳው አለበል ደግሞ ስልኩን እያወዛወዘ ተቃወመው።

«ቲቸር፣ የእነዚህ ጊዜ አለፈ እኮ። አሁን ጎረምሳ ጓሮው ውስጥ የገጣጠመው ድሮን ነው የሚያስጨንቃቸው።»

«ሰጥሞ አየህ?»

«አላየሁም። ግን እንደ ድሮው ወደ ጠረፍ አይጠጉም።»

ሁለቱም እውነት አላቸው አልሁ በሆዴ። የዚያ መርከብ ኃይል የማንንም መሬት ሳይለምን የአውሮፕላን ማረፊያውን ይዞ መዞሩ ነው። ዛሬ እዚህ ነው፤ ከነገ ወዲያ የሌላ አገር ደጃፍ ላይ ነው። ገና ሳይተኩስ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲናገር ያደርጋል። ድካሙም እዚያው ነው። ያን የሚያህል ነገር ብቻውን መሄድ አይችልም፤ በዙሪያው አጃቢ መርከቦች፣ ከሥሩ ሰርጓጅ፣ ከኋላው ነዳጅ ጫኝ ካልተከተሉት ሰፊ ዒላማ ነው። ይህን ሁሉ ማለት እችል ነበር። ግን በመርከብ ነገር አፌን ከያዝሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል።

አለበል አልተወኝም። «ጋሼ ዘለቀ፣ እርስዎ ይንገሩን እንጂ። እንዲህ ያለው ላይ ነበሩ አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«ለሠርግ ወገዳ ሄጄ ሲያወሩ ሰማሁ። አንድ የሲማዳ ሰው እስካሁን እዚያ መርከብ ላይ አለ አሉ አይደል? ሚስቱም ትጠብቀዋለች አሉ። ጡረታ የለም እንዴ እዚያ?»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ከሰው ላለመለየት ጥርሴን አሳየሁ። ሽሮው እየተንተከተከ መጣ፤ አንድ ጉርሻ አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት።

ለውትድርና ስመለመል ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ፣ ከክረምት ወንዝ በቀር ውሃ አይቼ የማላውቅ ልጅ፣ ምድቤ ባሕር ኃይል ሆነ። ምጽዋ ስንወርድ መጀመሪያ የገረመኝ ባሕሩ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። በጋይንት ብርድ ያደገ ገላ እዚያ ምን እንደሚሆን ለማያውቀው ማስረዳት አይቻልም። ዳቦው ላብ ላብ ይላል፤ ውሃው ጨው ጨው ይላል፤ ሌሊቱ እንኳ አይበርድም።

ሰው ባሕረኛ ነበርህ ሲለኝ መርከብ ላይ ቆሜ በመነጽር አድማስ የምቃኝ ይመስለዋል። እኔ ዝገት ፋቂ ነበርሁ። መርከብ ከሩቅ ሲያዩት ብረት ነው፤ ሲቀርቡት ዝገት ነው። ጠዋት ወደ ጥገናው ግቢ ገብቼ እስከ ማታ እፍቃለሁ፤ የፋቅሁትን በማግስቱ ግራጫ ቀለም እቀባለሁ። በአገልግሎቴ ሁሉ መርከብ ላይ ወጥቼ ከወደቡ አፍ አልፌ አላውቅም።

ሞገስን ያወቅሁት በሥልጠና ላይ ነው። ከሲማዳ ነበር፤ አባቱ መሪጌታ ይባቤ ዜማ አስተማሪ ናቸው። እርሱም እዚሁ ጋይንት ካለው የቤተ ልሔም ጉባኤ ገብቶ ድጓ ጀምሮ ነበር፤ ለዓመት በዓል አገሩ በገባበት ሰሞን ተይዞ መጣ። ሚስት ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ከገላው የሚበልጥ ልጅ ነበር። ሁለታችንም የደጋ ልጆች ስለሆንን ከቤት የመጣልንን በሶ አንድ ላይ እንበጠብጥ ነበር፤ ሌሎቹ ይስቁብናል።

ውጭ አገር የተማረ አንድ ባለ ማዕረግ ስለ ታላላቆቹ መንግሥታት መርከቦች ያስተምረን ነበር። አንድ ቀን አውሮፕላን ተሸካሚውን በሰሌዳ ላይ ሣለልን። አውሮፕላኑ ጭራው ላይ መንጠቆ አለው፤ ሲያርፍ በመርከቡ ወለል ላይ የተወጠረውን የብረት ገመድ ይይዝበታል አለን። ዋናው ሥራ ማስነሣቱ ሳይሆን መመለሱ ነው አለ። ሞገስ ከኋላ እጁን አወጣ።

«ኖኅም እኮ እንዲህ ያለ መርከብ ነበረው፣ ጌታዬ። ቁራን ላከ፤ ቀረ። ርግብን ላከ፤ ተመለሰች።»

መምህሩ ራሱ ሳቀ። «እንግዲህ እናንተ ርግብ ሁኑ» አለን። ተልኮ ለሚቀር ሰው የቁራ መልእክተኛ የሚባለውን ነገር ከሕፃንነቴ ጀምሬ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን እንደ ቀልድ አለፈኝ።

ሞገስ በአንዲት የጥበቃ ጀልባ ላይ ተመደበ። እኔ በየብስ ቀረሁ፤ በዚህ ትንሽ ቀናሁበት፤ ብዙ ደግሞ ደስ አለኝ። ከወደቡ ጠርዝ እግራችንን ወደ ውሃው ሰድደን ተምር እየበላን ሳለን ስመ ክርስትናውን ነገረኝ። ያኔ ጓደኛሞች ስመ ክርስትና መለዋወጥ ልማዳችን ነበር፤ የተረፈው የሞተውን ስም ወደ አገሩ ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርስለት።

«ወልደ ሰንበት ነኝ» አለኝ። «ከቤታችንና ከነፍስ አባታችን በቀር የሚያውቀው የለም። ከሞትሁ ለአባቴ ቀድመህ እንዳትነግረው። ለነፍስ አባታችን ንገር፤ እሳቸው ያውቁበታል። ስሙን ስትነግራቸው ከኔ ጋር እንደ ነበርህ ያምኑሃል። ፍትሐት ሳይደረግልኝ እንዳልቀር ብቻ።»

የእኔንም ነገርሁት። ተምሩን ጨርሰን ፍሬውን ወደ ባሕር ወረወርን።

ጀልባዋ አንድ ጠዋት ወጥታ ከቀትር በኋላ በሌላ ተጎትታ ተመለሰች። ጎኗ ተበስቶ ነበር። ሞገስ ከሞተር ክፍሉ ከወጡት አራት ሬሳዎች አንዱ ነው። ጉድጓዱን የቆፈርነው የጥገና ክፍል ልጆች ነን፤ አሸዋው እየተንሸራተተ አልቆፈር ብሎን ነበር። ካህን አልነበረም። አቡነ ዘበሰማያት ጀመርሁና መካከል ላይ ጠፋብኝ፤ አንድ የወሎ ልጅ ጨረሰልኝ። ሞገስ እንደዚያ ተቀበረ። መሞቱን ከማንም ሳልሰማ፣ በዚህ እጄ አፈር አልብሼው አውቃለሁ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በመጣው ጥር፣ ከብዙ እንግልት በኋላ ወደ አገሬ ገባሁ። ቤቴ ጥቂት ቀን ተቀመጥሁና የሞገስን ስም ለማድረስ ወደ ሲማዳ ተነሣሁ። ገብሱ ታጭዷል፤ መንገዱ ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸታል። አንድ ቀን ሙሉ ስሄድ ውዬ ከጓደኛ ዘመድ ቤት አድሬ በማግስቱ ከሲማዳዋ ከተማ ከወገዳ ስደርስ ገበያው ቆሟል። ነጩን ባለ ሰማያዊ ኮሌታ የባሕረኛ ሸሚዜን ለብሼ ነበር። አሳሳተኝ ልል አልችልም፤ ልብስ አይናገርም።

ጠላ ቤት ገባሁ። ሰዎች ሸሚዙን አይተው ከየት መጣህ አሉኝ። ዝገት ከመፋቅ አልሁ? አላልሁም። በሕይወቴ ሽማግሌዎች ዝም ብለው ሲያዳምጡኝ የመጀመሪያዬ ነበር። አንዱ ጣሳ ሲያልቅ ሌላው ይቀዳልኛል። አውሮፕላን ስለሚያወርደውና ስለሚያስነሣው መርከብ ነገርኋቸው፤ በሰሌዳ ላይ ያየሁትን በዓይኔ እንዳየሁት አድርጌ። ከዚያም፣ ከሦስተኛው ጣሳ በኋላ መሰለኝ፣ ጀርባው ላይ ተራምጃለሁ አልሁ። የማን እንግዳ እንደሆንሁ ሲጠይቁኝም የመሪጌታ ይባቤን ስም ጠራሁ።

መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ማንም ያውቀዋል። ነጋሪው ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ለነፍስ አባት ወይም ለሽማግሌ በስውር ይነግራል። እነርሱ ዘመድ ሰብስበው ጎሕ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ፤ ሰሚው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ቀድሞ እንዲዘጋጅ። እኔም በማግስቱ ጠዋት ከወገዳ ስወጣ አሳቤ በቀጥታ ነፍስ አባታቸው ወዳሉበት ደብር ለመሄድ ነበር። ነገር ግን ወሬዬ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ አድሯል። ከደብሩ ሳልደርስ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው አውድማ፣ ገብስ የሚያበራየው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ያየኝ ጀመር። «ባሕረኛው መጣ» አለ አንዱ። ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ መንሻቸውን እንደ ያዙ ወደ እኔ መጡ። መልካቸው የሞገስ ነው። መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ልጄን ታውቀዋለህ አሉ» አሉኝ።

«አውቀዋለሁ፣ የኔታ።»

«ስንቱ አውቃለሁ እያለ መጥቶ በልቶብን ሄዷል። በምን ልመንህ?»

ደረቴ ውስጥ ያለው ያ ስም ብቻ ነበር። «ወልደ ሰንበት» አልሁ።

ስሙ ሞቱን ራሱ ይነግርልኛል ብዬ ነበር። እንዴት እንደዚያ እንዳሰብሁ አላውቅም፤ የስሙን ውል የምናውቀው እኔና ሞገስ ብቻ ነን። መሪጌታ መንሻቸው ከእጃቸው ወደቀ። ከገለባው ማዶ መጥረጊያ ይዛ የቆመች አንዲት ልጅ እግር ሴት እልል አለች። ሚስቱ ይታይሽ ነበረች። ስሙን ከላከ በሕይወት አለ ማለት ነው ብላ። እልልታው ከሴት ወደ ሴት ተዛመተ፤ በሬዎቹ ደንግጠው ቆሙ። ትናንት ጠላ ቤት የነበረ አንድ ሰው፣ «ያ አውሮፕላን የሚጭነው መርከብ ወስዶት ይሆናላ!» ብሎ ጮኸ። መሪጌታ ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳያነሡ፣ «ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ የኔታ» አልሁ።

አንድ ቃል ናት። አይደለም ብል ዕለቱን እንደ ጨካኝ እታይ ነበር፤ ትናንት የተናገርሁትም ሁሉ አብሮ ይናድ ነበር። ለሰዎቹ ራርቼ ነው እያልሁ ለብዙ ዓመት ራሴን ሸንግያለሁ። አልራራሁም። ያ ሁሉ ሰው በእኔ ደስ ሲለው ማየት ጣፈጠኝ።

በግ ታረደ። መርዶ ይዤ የመጣሁ ሰው ቁርጥራጩን በአዋዜ በላሁ። መሪጌታ ከጎኔ ተቀምጠው ሲጠይቁኝ ዋሉ፤ እኔም መምህራችን በሰሌዳ ያስተማረንን እውነት አንድ በአንድ እያወጣሁ ለውሸቴ ማገር አደረግሁት።

«መርከቡ ወደ የብስ መቼ ይወጣል?»

«ብዙ ጊዜ አይወጣም፣ የኔታ። ነዳጁም ቀለቡም በሌላ መርከብ ይመጣለታል።»

«በጾም ምን ይበላል?»

«ሩዝ አለ፤ ምስር አለ።»

«ዓሣ እንዳያበሉት ብቻ።» ጥቂት አሰቡና፣ «ያን የሚያህል መርከብ ጠላት አያየውም?» አሉ።

«ብቻውን አይሄድም። በግራ በቀኝ አጃቢ አለው። በውሃ ውስጥ ሳይቀር ይጠብቁታል።»

መሪጌታ ወደ ሰማይ አዩ። «ተመስገን» አሉ። «ልጄ ጠባቂ ባለበት ነው ያለው።»

በማግስቱ ለመንገዴ የገብስ ቆሎና ዳቦ በአቁማዳ ሰጥተው እስከ ወንዙ ሸኙኝ። ይታይሽ ለእርሱ የፈተለችውን ጋቢ ስትመለስ አድርስልኝ ብላ ልትሰጠኝ ነበር፤ ወደ ባሕሩ አልመለስም ብዬ እምቢ አልኋት። ያን ቀን የተናገርሁት እውነት ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሲማዳን አልረገጥሁም። አገቡ፣ ወለዱ፣ ከበሩ የሚባለው የእኔም ታሪክ ነው፤ ንፋስ መውጫ ላይ ቆርቆሮ ቤት ሠራሁ፤ ልጆች አሳደግሁ። ከሲማዳ የሚመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ግን መንገድ እቀይር ነበር። ወሬው አልቀረልኝም። በቅዳሴው በባሕርና በየብስ ለሚሄዱ ሲጸለይ መሪጌታ ከቆሙበት ወድቀው ይሰግዳሉ አሉ። ዘመዶች ቁርጡን አውቀን ተዝካሩን እናውጣ ሲሏቸው፣ «ለሕያው ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ስሙን የሰማሁት በጆሮዬ ነው» ይሏቸዋል አሉ። ይታይሽን የጠየቀ ሰው ሁሉ ባል አለኝ ተብሎ ይመለሳል አሉ። መሪጌታ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ እንድደርስ ሰው ነገረኝ። ወገቤን አመመኝ ብዬ ሦስት ቀን ተኛሁ።

ለምን አልተናገርሁም? በየዓመቱ ምክንያት ነበረኝ። መጀመሪያ አፈርሁ፤ ከዚያ ማፈሬን ለመናገር አፈርሁ። እንደ መርከብ ዝገት ነው፤ በጊዜው ካልፋቁት በላዩ ላይ ቀለም መቀባት ይቀጥላል፣ ከላይ ሲያዩት ምንም የለበትም።

እንግዲህ ያን የጥር ቀን አለበል «ጡረታ የለም እንዴ?» ብሎ ቤቱን ሲያስቀው፣ ሞገስ በሰው አፍ መቀለጃ እስኪሆን ድረስ እንዳቆየሁት ገባኝ። በማግስቱ የወገዳ መኪና ተሳፈርሁ። መንገዱ ዛሬም ሰው ያንጓልላል። ከወገዳ በእግሬ ወረድሁ፤ ጉልበቴ ያን ጊዜ የነበረው አይደለም፤ ብዙ ቦታ ተቀመጥሁ። አውድማው የነበረበት ቦታ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። ይህን ጊዜ በቀጥታ ወደ ደብሩ ሄድሁ።

የዛሬው ነፍስ አባት ልጄ የሚሆኑ ቄስ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኋቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ሲያበቃ የሚገሥጹኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ስመ ክርስትናው ማን ነበር?» አሉኝ ብቻ።

ነገርኋቸው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሜ ነበር። ይታይሽ በሩን ከፈተች። ፀጉሯ ሸብቷል። ሽማግሌዎቹን አየች፣ ቄሱን አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየችኝና አወቀችኝ። ቄሱ ሲነግሯት አልጮኸችም። መቃኑን ይዛ ቆየች፤ ሴቶቹ ክንዷን ያዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አያ ዘለቀ፣ ያን ቀን እልል ያልሁት እኔ ነኝ» አለች። «እልል ባልል ኖሮ ትነግረን ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሠላሳ ዓመት በላይ አዘጋጅቼ ኖሬአለሁ፤ እነግራችሁ ነበር የሚል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገረው ግን ጥፋቱን እሷ ተሸክማው ልትኖር ነው።

«አልነግርሽም ነበር» አልኋት። «ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።»

ይቅር አላለችኝም፤ አልረገመችኝምም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ዘቅዝቃ ለበሰች። ሴቶቹ ያን ጊዜ ልቅሶውን አነሡ። ፍትሐቱ በዚያው ቀን ተደረገ። ስሙ ከሙታን ጋር ሲጠራ በአጥሩ በኩል ቆሜ ሰማሁ፤ ወደ ውስጥ የመግባት ድፍረት አልነበረኝም።

አሁን ዐቢይ ጾም ገብቷል። ያ ምሳ ቤት ዛሬም ደንበኛው ነኝ፤ ቴሌቪዥኑም መርከቡን ማሳየት አልተወም። ትናንት አለበል አጠገቤ ተቀምጦ የዓሣ ወጥ አዝዞ ነበር፤ በጾም ዓሣ እንዴት ትበላለህ ልለው ፈለግሁና መሪጌታ ትዝ አሉኝ፤ ተውሁት። እርሱ ግን እንደ ልማዱ ጀመረኝ።

«ጋሼ፣ እዚያ ላይ ስንት ዓመት ቆዩ?»

«አንድ ቀንም አልቆየሁም» አልሁት። «እኔ ወደብ ላይ ዝገት ፋቂ ነበርሁ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ፊቴን አይቶ ተወው። «ያ የሲማዳውስ ሰውዬ?»

«ሞቷል» አልሁት። «ወልደ ሰንበት ይባላል። የቀበርሁት እኔ ነኝ።»